ፊላደልፊያን በእግር፦ የሁለት ቀን ጉብኝት እንዴት ይታቀዳል?

ከዋሽንግተን ዲሲና ከአካባቢዋ የምንነሳ ኢትዮጵያውያን ፊላደልፊያን ብዙ ጊዜ የምናውቃት በአውራ ጎዳናው ሰሌዳ ላይ ነው። ወደ ኒው ዮርክ ለሠርግ ወይም ለልቅሶ ስንሄድ ስሟን አንብበን እናልፋለን። ጎራ ካልንም ከታዋቂው የነጻነት ደወል ጋር አንድ ፎቶ፣ የነጻነት መግለጫው ከጸደቀበት አዳራሽ ፊት ለፊት አንድ ፎቶ ተነስተን መንገዳችንን እንቀጥላለን። እኔም መጀመሪያ ያየኋት እንዲሁ ነበር፤ ከፎቶው በቀር የቀረልኝ ነገር አልነበረም።

በሌላ ጊዜ ልጆቼንና ከአዲስ አበባ የመጣችውን እናቴን ይዤ ስሄድ ግን አንድ ጥያቄ ይዤ ሄድኩ። ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ ተፈጥሯል ተብሎ በታወጀባት ከተማ፣ በዚያው ዘመን በባርነት የተያዙት ሰዎች የት ይኖሩ ነበር? ምንስ አደረጉ? መልሱን በጥቂት መንገዶች ውስጥ፣ በእግር በሚደረስባቸው ቦታዎች አገኘሁት። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ያንን ጥያቄ ተከትሎ የተሰናዳ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1. ወቅቱን መምረጥ

ጁላይና ኦገስት ሙቀቱ ከእርጥበት ጋር ስለሚመጣ ለአረጋውያንና ለሕፃናት ይከብዳል። ጁላይ 4 የነጻነት በዓል ስለሆነ በዚያ ሳምንት ከተማዋ በሰው ትሞላለች፤ በዓሉን ማየት ለሚፈልግ ደስ ይላል፣ ታሪኩን በጸጥታ ማየት ለሚፈልግ ግን አይመችም። ሜይ አየሩ ጥሩ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ግን ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች ይበዛሉ። እኔ የምመርጠው ኦክቶበርን ነው። ቀኑ ለእግር ጉዞ ይስማማል፣ ሰልፉም ይቀንሳል።

ሁለት ቀን ያዙ። አንዱ ቀን እሑድ ከሆነ በኋላ ስለ ገበያው የምለውን ልብ በሉ።

2. የአዳራሹን ቲኬት ከሁሉ በፊት መያዝ

ሆቴልም ባቡርም ከመያዛችሁ በፊት ኢንዲፔንደንስ ሆል የሚባለውን የነጻነት አዳራሽ ቲኬት ያዙ። መግቢያው ነጻ ነው፤ ለማስያዣ የሚከፈለው በአንድ ቲኬት 1 ዶላር ብቻ ነው። የሚያዘው የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች በሚጠቀሙበት ሪክሪዬሽን ዶት ገቭ በተባለው ድረ ገጽ ነው። ቲኬቱ የመግቢያ ሰዓት አለው፤ ሰዓቱ ካለፈ ዋጋ የለውም። ስትይዙ ሕፃናቱንም በቁጥር ውስጥ አስገቡ።

እዚህ ላይ ለእኛ ብቻ የሚያስፈልግ ማሳሰቢያ አለ። ቲኬታችን የጠዋት 9:20 ነበር። እኔ ለእናቴ በስልክ «ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ» ብዬ ነገርኳት፤ እሷም እንደ አገሯ ልማድ የከሰዓት በኋላ መስሏት፣ ልንወጣ ስንል ነጠላዋን ሳትለብስ ሻይዋን ይዛ ተቀምጣ አገኘኋት። በሩጫ ደረስን። ከአገር ቤት እንግዳ ይዞ የሚጓዝ ሰው ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ በአሜሪካ 9:20 የሆነው ከጠዋቱ 3፡20 ነው። ቀኑንም እንዲሁ። በአሜሪካ አጻጻፍ ወሩ ስለሚቀድም 10/04 ኦክቶበር 4 እንጂ ኤፕሪል 10 አይደለም።

ከመግቢያው ሰዓት ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀድማችሁ የፍተሻው ሰልፍ ላይ ድረሱ። ትልቅ ሻንጣ ይዛችሁ አትምጡ፤ ሆቴል ተዉት።

ቲኬት ባታገኙም ጉዞውን አትሰርዙ። ደወሉን ለማየት ቲኬት አያስፈልግም፣ ከዚህ በታች ከጠቀስኳቸው ቦታዎችም ብዙዎቹ ቲኬት አይጠይቁም።

3. መጓጓዣና ማደሪያ

ከዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን በባቡር ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የባቡር ዋጋ ቀኑ በቀረበ ቁጥር ስለሚጨምር ቀደም ብሎ የገዛ ይጠቀማል። አውቶቡስ ይረክሳል፣ ይዘገያልም። በመኪና የሚመጣ ሰው 225 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል፤ በሜሪላንድና በዴላዌር የመንገድ ቀረጥ አለ። ከተማው ውስጥ ግን መኪና ሸክም ነው። አሮጌዎቹ መንገዶች ጠባብ ናቸው፣ ሆቴሎቹም ለማቆሚያ ለብቻው በየሌሊቱ ያስከፍላሉ። ሆቴል ስትመርጡ በገጹ ላይ ከሚታየው ዋጋ በላይ ግብር እንደሚጨመርበት አስቡ፤ ማቆሚያውን ጨምራችሁ ከባቡሩ ጋር አወዳድሩት።

ማደሪያችሁ በገበያ መንገድ፣ ማለትም በማርኬት ስትሪት አቅራቢያ ይሁን። ከዚያ ሁሉም ነገር በእግር ወይም በአንድ የምድር ባቡር ይደረሳል። ለከተማው ባቡርና አውቶቡስ የባንክ ካርዳችሁን ማስነካት ይበቃል።

4. የመንገዶቹን አጠራር ቀድሞ ማወቅ

ይህን አሥር ደቂቃ ሰጥታችሁ ብታጠኑት ካርታ አትፈልጉም። ከተማዋን በ1682 የመሠረታት ዊልያም ፔን በሁለት ወንዞች መካከል በገመድ እንደተለካ እርሻ አድርጎ ነው የሸነሸናት። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱት መንገዶች በቁጥር ይጠራሉ፤ ቁጥሩ ከምሥራቁ የዴላዌር ወንዝ ይጀምርና ወደ ምዕራብ ያድጋል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት ብዙዎቹ የዛፍ ስም አላቸው፤ ቼስትነት፣ ዋልነት፣ ስፕሩስ፣ ፓይን። 1ኛ መንገድ የሚባል ስለሌለ አትድከሙ፤ ስሙ ፍሮንት ነው። 14ኛ መሆን የነበረበትም ብሮድ ይባላል። የቤት ቁጥር 600 ከሆነ ቤቱ በ6ኛና በ7ኛ መካከል ነው። እናቴ ይህን አንድ ጊዜ ሰምታ ከሰዓት በኋላ እኛን ትመራን ጀመር።

5. የመጀመሪያው ቀን ጠዋት፦ ስድስተኛ መንገድ

ጠዋት ከ6ኛና ከማርኬት መገናኛ ጀምሩ። እዚያ የጎብኚዎች ማዕከል አለ። ልጆች ካሏችሁ ለልጆች የተዘጋጀውን «ጁኒየር ሬንጀር» የተባለ የጥያቄ መጽሔት ጠይቁ፤ በነጻ ነው። ልጆቹ ጥያቄዎቹን እየመለሱ ይዞራሉ፣ ሲጨርሱ ባጅ ይሸለማሉ። ከዚያ ወዲያ «መቼ ነው የምንሄደው?» የሚል አይሰማም።

ከዚያ መንገዱን ተሻግራችሁ ወዲያው ወደ ደወሉ አትግቡ። ከበሩ አጠገብ ጣሪያ የሌለው፣ ግድግዳውም ሙሉ ያልሆነ የጡብ ቤት ታያላችሁ። ፊላደልፊያ ከ1790 እስከ 1800 የአገሪቱ ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ ጆርጅ ዋሽንግተን በፕሬዚዳንትነት የኖረው በዚህ ቦታ ነው። ዋሽንግተን ከቨርጂኒያ ያመጣቸውና እዚህ በባርነት ያገለገሉት የዘጠኝ ሰዎች ስም በድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ቆማችሁ ስማቸውን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ ኦስቲን፣ ፓሪስ፣ ሄርኩሊስ፣ ሪችመንድ፣ ክሪስቶፈር፣ ጃይልስ፣ ኦኒ ጀጅ፣ ሞል፣ ጆ።

የፔንሲልቬኒያ የ1780 ሕግ፣ ከሌላ ክፍለ አገር የመጣ ጌታ ባሪያውን ስድስት ወር በዚያ ካቆየ ባሪያው ነጻነቱን እንዲጠይቅ ይፈቅድ ነበር። ዋሽንግተን ስድስት ወሩ ከመሙላቱ በፊት ሰዎቹን ከክፍለ አገሩ እያስወጣ ይመልሳቸው ነበር። ኦኒ ጀጅ የሚስቱ የማርታ አልባሽ ነበረች። ሜይ 21 ቀን 1796 ቤተሰቡ እራት ተቀምጦ ሳለ ከዚህ ቤት ወጣች። በመርከብ ወደ ኒው ሃምፕሸር ሄደች፤ ሊያስመልሷት ቢሞክሩም አልተያዘችም። በ1848 እስክትሞት ድረስም እዚያው ኖረች። ሄርኩሊስ የቤቱ ወጥ ቤት አለቃ ነበር፤ እሱም በኋላ አመለጠ። በመስታወት ሥር የሚታየው የድንጋይ መሠረት እሱ ይሠራበት የነበረው የማድ ቤት ቅሪት ነው።

አሁን ወደ ደወሉ ግቡ። ደወሉ ወደ 940 ኪሎ ይመዝናል። በ1752 ለንደን ውስጥ ተሠርቶ መጣ፤ ሲሞከር ተሰነጠቀ። ፓስና ስቶው የተባሉ ሁለት የከተማው ባለሙያዎች አቅልጠው በ1753 እንደገና ሠሩት፤ ስማቸው ላዩ ላይ አለ። ከአናቱ ዙሪያ የተጻፈው ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ቁጥር 10 የተወሰደ፣ በምድሪቱ ለሚኖሩ ሁሉ ነጻነት እንዲታወጅ የሚያዝ ቃል ነው። የኢዮቤልዩ ዓመት ትእዛዝ መሆኑን እናቴ ቀድማ ነገረችን።

ቀረብ ብላችሁ አንድ ነገር ተመልከቱ። ሁሉም ሰው ፎቶ የሚያነሳው ሰፊ ክፍተት ስንጥቁ ራሱ አይደለም። ጠጋኞች የስንጥቁ ሁለት ጠርዞች እየተነካኩ እንዳይንጫጩ ሆን ብለው ያሰፉት ነው። ደወሉን ለዘላለም ዝም ያሰኘው ሌላው ስንጥቅ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ከዚያ ክፍተት ጫፍ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣና «ነጻነት» የሚለውን ቃል ሰንጥቆ ያልፋል። ይህ የሆነው በ1846 የዋሽንግተን የልደት ቀን ሲከበር ነው። «የነጻነት ደወል» የሚለውን ስም ያስለመዱትም በ1830ዎቹ ባርነትን ይቃወሙ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ከውጭው ግድግዳ ላይ ዘጠኙን ስሞች አንብቦ የገባ ሰው ይህን ጽሑፍ የሚያነብበት ዓይን ሌላ ነው። ስለዚህ ነው ቅደም ተከተሉን እንዳትገለብጡት የምለምናችሁ።

ከደወሉ ቀጥሎ መንገዱን ስትሻገሩ አዳራሹ ነው። ማብራሪያው አጭር ነው፤ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። የነጻነት መግለጫው በ1776፣ ሕገ መንግሥቱም በ1787 የጸደቁበት ክፍል አንድ ክፍል ነው። ከምትጠብቁት ያነሰ ነው፤ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች፣ ሰፋፊ መስኮቶች፣ ሌላ ብዙ የለም። የእንግሊዝ ወታደሮች በ1777 ከተማዋን ሲይዙ የቀድሞውን የቤት ዕቃ ለማገዶ ስላነደዱት አሁን የሚታየው አብዛኛው በዘመኑ የተሠራ ሌላ ዕቃ ነው። ከፊት ያለው ወንበር ግን ዋሽንግተን ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ የተቀመጠበት ራሱ ነው። ከጀርባው አናት ላይ ግማሽ ፀሐይ ተቀርጾበታል። የ81 ዓመቱ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ጉባኤው ሲያልቅ ወደዚያች ፀሐይ እያየ፣ የምትወጣ ትሁን የምትጠልቅ ሲጠራጠር መክረሙን፣ አሁን ግን የምትወጣ መሆኗን ማወቁን ተናገረ።

አስጎብኚው ካላነሳው እናንተ ጠይቁ፦ ላይኛው ፎቅ ምን ነበር? በ1850ዎቹ የፌዴራል መንግሥቱ የፍርድ አስፈጻሚ ቢሮ እዚያ ነበር፤ ከባርነት አምልጠው የተያዙ ሰዎች ጉዳያቸው የታየው በዚሁ ሕንፃ ላይኛ ፎቅ ነው። እኔ ይህን የሰማሁት የፓርኩን ባርኔጣ ያደረገች አስጎብኚ ለልጄ ጥያቄ ስትመልስ ነው። ወደ ደረጃው ቀና ብለን አየንና ዝም አልን።

ከአዳራሹ በስተ ምዕራብ ባለው ክፍል የመግለጫው ቀደምት ኅትመትና ፊራሚዎቹ እንደተጠቀሙበት የሚነገርለት የብር ቀለም መያዣ አሉ። አጎራባቹን የምክር ቤት ሕንፃም ክፍት ካገኛችሁት እዩት።

6. ከሰዓት በኋላ፦ ወደ ማዘር ቤተል

ምሳ በልታችሁ በዚያው በ6ኛ መንገድ ወደ ደቡብ ውረዱ። መጀመሪያ ዋሽንግተን አደባባይ ይገኛል፤ ስማቸው ያልታወቀ የነጻነት ጦርነት ወታደሮች ተቀብረውበታል። ድሮ አፍሪካውያን በበዓል ቀን እየተሰበሰቡ በየቋንቋቸው የሚዘፍኑበት ቦታም ነበር። ዛፎቹ ሥር ጥቂት አረፉ፤ ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል ቢኬድ ሎምባርድ መንገድ ጥግ ላይ ማዘር ቤተል ቤተ ክርስቲያን ይቆማል።

ለእኔ የፊላደልፊያ ልብ ይህ ነው። ሪቻርድ አለን በ1760 በባርነት ተወለደ፣ ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ ራሱን ገዝቶ ነጻ ወጣ። ቀድሞ በሚሰበሰቡበት ሌላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጥቁሮች ምእመናን ተንበርክከው ሲጸልዩ ከቦታቸው እንዲነሱ ሲገደዱ፣ እሱና አብሳሎም ጆንስ ሌሎቹን ይዘው ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ወጡ። አለን በዚህ ጥግ መሬት ገዛ፤ አንድ የአንጥረኛ ቤት በፈረስ አስጎትቶ አምጥቶ ቤተ ክርስቲያን አደረገው። በ1794 ተመረቀ። አሁን የሚታየው ትልቅ የድንጋይ ሕንፃ በዚያው መሬት ላይ አራተኛው ነው። መሬቱ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከአፍሪካ አሜሪካውያን እጅ አልወጣም። በ1816 የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊ ቤተ ክርስቲያን ሲመሠረት የመጀመሪያው ጳጳስ አለን ሆነ።

በ1793 ቢጫ ወባ ከተማዋን ሲያጠቃ ወደ 5,000 ሰው ሞተ። መሸሽ የቻለ ሁሉ ሸሸ። አለንና ጆንስ ጥቁሮችን አስተባብረው በሽተኞችን አስታመሙ፣ ሬሳ አነሱ። በሽታው ጥቁሮችን አይዝም የሚል እምነት ነበር፤ ውሸት ነበር፣ ብዙዎቹ አብረው ሞቱ። አለን ራሱም ታሞ ዳነ።

የአለን መቃብርና ሙዚየሙ ከምድር ቤቱ ውስጥ ነው። በሩ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፤ ከጉዞው በፊት ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። እሑድ የጸሎት ቀን ስለሆነ መግባት የሚፈልግ እንደ ምእመን ይግባ፣ ካሜራውን ከቦርሳው አያውጣ።

7. ሁለተኛው ቀን

ጠዋት ወደ አሮጌው ከተማ ሂዱ። ኤልፍሬዝ አሌይ የምትባለዋ ጠባብ መንገድ 32 የጡብ ቤቶች አሏት፤ ሰዎች ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ኖረውባታል፣ ዛሬም ይኖሩባታል። ስለዚህ በመስኮት አትመልከቱ፣ ድምፃችሁንም ቀንሱ። በአንዳንድ ቤቶች ሁለተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ዘንበል ብለው የተገጠሙ ትንንሽ መስታወቶች አሉ፤ ባለቤቲቱ ሳትወርድ በር ያንኳኳውን የምታይባቸው ናቸው። እናቴ አንዱን ወደ አዲስ አበባ ልትወስድ ፈለገች።

ከዚያ በ5ኛና በአርች መገናኛ ያለውን የክራይስት ቸርች መቃብር እዩ። የፍራንክሊን መቃብር ከመንገዱ በብረት አጥሩ በኩል ይታያል፤ ሰዎች ሳንቲም ይወረውሩበታል። ፍራንክሊን በሕይወቱ ባሮች ነበሩት። በእርጅናው ግን የባርነት ተቃዋሚዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1790 ሊሞት ሁለት ወር ሲቀረው ባርነት እንዲቀር ለምክር ቤቱ የቀረበውን አቤቱታ ፈረመ። ለልጆቻችሁ ሁለቱንም ንገሯቸው።

ጊዜና ገንዘብ ከፈቀደ በ3ኛና በቼስትነት የሚገኘው የአሜሪካ አብዮት ሙዚየም መግቢያው ቢከፈልበትም የሚያስቆጭ አይደለም፤ የዋሽንግተን የጦር ሜዳ ድንኳን እዚያ አለ። ሦስተኛ ቀን ያለው ሰው በባቡር ወደ ጀርመንታውን ይውጣ። ባርነትን በመቃወም በ1688 የተጻፈው አቤቱታ የወጣው ከዚያ ነው፤ ያመለጡ ሰዎች ያረፉበት የጆንሰን ቤተሰብ ቤትም በቀጠሮ ይታያል።

8. ምግብ

በ12ኛና በአርች መገናኛ ያለው ሬዲንግ ተርሚናል ገበያ በ1893 ከባቡር ጣቢያ ሥር የተከፈተ የሽንኩርቱም የዳቦውም የሥጋውም መሸጫ ነው። ዳቦና ጣፋጭ የሚጋግሩት አሚሽ የሚባሉት የክርስቲያን ማኅበረሰብ ነጋዴዎች እሑድ አይከፍቱም፤ ለዚህ ነው ቀኑን ልብ በሉ ያልኳችሁ። ፕሬዝል የሚባለው የተጠማዘዘ ዳቦ ከምድጃ ሲወጣ ቅቤ ይቀባል። ጾም ከሆነ ሳይቀባ እንዲሰጧችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ታዋቂ ከሆኑት ሳንድዊቾች አንዱ የአሳማ ጥብስ ስለሆነ የማይበላ ሰው ጠይቆ ይዘዝ።

ማታ እንጀራ ካማራችሁ ትሮሊ በሚባለው የከተማ ባቡር ወደ ምዕራብ ፊላደልፊያ ተሻገሩ። በ45ኛ መንገድና በባልቲሞር አቬኑ አካባቢ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች አሉ።

9. መመለሻ

30ኛ መንገድ ላይ ላለው ባቡር ጣቢያ ቢያንስ 40 ደቂቃ ስጡ። መንገደኛ የሚሰለፈው ከላይ ነው፤ ባቡሩ ሲጠራ በደረጃ ይወረዳል። ከእግር ጉዞው ጉልበታቸው የደከመ አረጋውያን ካሉ በአሳንሰር እንዲያወርዷቸው ለሠራተኞቹ ቀድማችሁ ንገሩ። የቀረውን ደቂቃ በጣቢያው አዳራሽ ምሥራቅ ጫፍ ባለው ሐውልት ሥር አሳልፉት። 12 ሜትር የሚደርስ፣ ክንፉን ወደ ላይ ያቆመ መልአክ የሞተ ወታደር አቅፎ ያነሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሞቱ 1,307 የባቡር ድርጅቱ ሠራተኞች ስም ከሥሩ ተጽፏል። እናቴ ማንም ሳይነግራት «ሚካኤል ነው» ብላ ተሳለመች፤ ከዚያም መነጽሯን አውጥታ፣ ባቡራችን እስኪጠራ ድረስ ልጄ የሚያነብላትን ስም አንድ በአንድ ስታዳምጥ ቆየች።